የካርማን ጊያዬ ሞተር ቅያሬ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር

አሮጌው ሞተር ከወጣ ሦስት ወር ሆነው። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ በራሷ ጉልበት የጅማውን የጅሬን ዳገት ወጥታ ተመለሰች። መሃል ላይ የሆነውን ልጻፍላችሁ። ከናንተ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ግቢው ያቆመ ካለ፣ ቢያንስ እኔ የተሳሳትኩትን አይድገም።

መኪናዋ የ1965 ሞዴል ካርማን ጊያ ናት። ለማታውቋት፦ ቅርጿን የጣሊያኑ ጊያ ነደፈው፣ አካሏን የጀርመኑ ካርማን ሠራው፣ ከሥር ያለው ሁሉ ግን ቮልስ ነው። ከ1955 እስከ 1974 ተመርታለች። ስፖርት መኪና ይሏታል እንጂ የኔዋ ሞተር 1,192 ሲሲ፣ ጉልበቱም 34 ፈረስ ብቻ ነበር። ስፖርቱ መልኳ ላይ ነው። ዳገት ላይ ቅጥቅጥ አይሱዙ ክላክስ እያደረገ ያልፋታል። ቢሆንም የኋላዋን ቅርጽ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ጅማ ውስጥ ገና አላጋጠመኝም።

ሞተሩ እንዳለቀለት የነገሩኝ ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተሩን አስነሳ እንኳ አላሉኝም። ከኋላ ተንበርክከው የችንጋውን ፑሊ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ገፉት። ቀጭ፣ ቀጭ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፣ መሳቢያ ነው» አሉኝ።

በዚህ ሞተር ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት። 0.15 ከደረሰ አበቃ። ስለካው 0.4 ሆኖ አገኘሁት። ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚን ብቻ ሳይሆን ብሮንዚኑ የተቀመጠበት ብሎክ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። ብሎኩ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው። አስፍቶ ወፈር ያለ ብሮንዚን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ያለው ሰው እዚህ አላገኘሁም። ደግሞ ሲሞቅ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ቁጥር 3 ሲሊንደር የሚያምቀውም የሌሎቹን ግማሽ ነው።

ይቺ ቁጥር 3 በድሮው ቮልስ ሁሌም ቀድማ የምትቃጠል ናት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ልክ ከእሷ መንገድ ላይ ቆሟል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሲደርሳት ያነሰም የሞቀም ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ገለል አድርገው የራሱን መተላለፊያ ሰጡት። አዲስ አበባ ለመድረስ ጊቤ በረሃን ወርዶ መውጣት ላለበት የጅማ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ተገልብጣ አካሏ የተበላሸ የ1972 ቮልስ 1300 ሞተር ሲገኝ ብዙ አላሰብኩም። 1,285 ሲሲ፣ 44 ፈረስ። ጋሼ ፑሊውን ይዘው ሳቡ፣ ገፉ። ምንም ድምፅ የለም። «ግዛው» አሉ፤ ገዛሁት።

ማውጣቱ ቀላል ነበር። የቮልስን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ባትሪ ነቀልኩ፣ የቤንዚኑን ጎማ በእርሳስ ደፈንኩ፣ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድና የማሞቂያውን ቱቦዎች ፈታሁ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ቡሎኖች ማራገቢያው ጀርባ ስለሆኑ በጣት ነው የሚታዩት። አንዱን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በተራው ቮልስ የኋላው ቆርቆሮ ይፈታል፣ በጊያ ግን ከአካሉ ጋር አንድ ነው። መኪናዋን በጣም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በሁለት ክሪክ እያነሳን ወፍራም ጉማጅ ደራረብን፣ ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ አሳርፈን ጎተትነው። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ነበር። አንዱ ራዲያተሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ። የለውም፣ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው ስለው፣ «ውሃ የማይጠጣ መኪና!» ብሎ ሮጠ፤ ለእናቱ ሊነግር መሰለኝ።

ሞተሩ እንደሚገጥም አውቄያለሁ። ያላሰብኩት ዙሪያውን ነው።

የኔ መኪና 6 ቮልት ናት፣ አዲሱ ሞተር 12። አምፖልና ኮይል መቀየር ብቻ መስሎኝ ነበር። ቮላኖው፣ ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ትልቅ ክብ ብረት፣ ይለያያል፦ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ አለው፣ የ12ቱ 130። ሰፋ ያለ ነው፤ የፍሪሲዮኑ ሸራም ከ180 ወደ 200 ሚሊሜትር ያድጋል። የድሮው ካምቢዮ ቤት ደግሞ ለትንሹ ነው የተሠራው። ውስጡን መሞረድ ግድ ነው። ሞረድኩ፣ በቃ ብዬ ገጠምኩ። ፑሊውን በእጄ አዞርኩት። ክርርር። ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ ይነካል። በነጋታው ሞተሩ እንደገና ወረደ።

ያኔ ነው ጋሼ የተቆጡኝ። «ሳትገጥም ለምን አላዞርከውም?» እውነታቸውን ነው። ቮላኖው ላይ ኖራ ቀብተን አስጠግተን አዞርነው፤ ኖራው የነካበትን ብቻ ሞረድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ጠራ። ቢያንስ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አየር ይኑረው፤ ሲሞቅ ሁሉም ነገር ያብጣል።

ቀጥሎ ሞተሪኖ። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ ዘንግ ጫፉ 12.5 ሚሊሜትር ነው፣ የ12ቱ ቀጠን ይላል፣ 10.9። ዘንጉ የሚያርፈው ካምቢዮው ቤት ውስጥ ባለ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ላይ ስለሆነ፣ ያለ ልኩ ቡሽ ሞተሪኖው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይበላል። ቡሹን ከነሐስ ማስቀረጽ ነበረብኝ። ወሩ ኅዳር ነው። ቡና እየተለቀመ ነው። ቶርኖ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የመፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ይዤ ሦስት ቤት ዞርኩ። አንዱ «ቡናው ይለቅ፣ ከዚያ ና» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተኩል ጠበቅኩ። የሠራው ግን ልክ በልክ ነው፤ በመዶሻ እንጨት ደግፌ ቀስ ብዬ መታሁት፣ ገባ።

ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ሸራውን የሚጫነው ሰሃንም አልሆነም። ሻጩ «ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። አይሆንም። የኔ ካምቢዮ የድሮው ዓይነት ስለሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ የሚያርፍበት ቀለበት መሃሉ ላይ ያለው ሰሃን ነው የሚፈልገው። የመጣልኝ ቀለበት የለውም። ተመለሰ፣ ሌላ መጣ፤ ሌላ ሳምንት አለፈ።

ቮላኖውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ፍሬ ነው፣ ባለ 36 ቁልፍ። ለማጥበቅ 350 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ እዚህ ሰፈር ያን ያህል የሚለካ ቁልፍ የለም። መፍትሔው ሂሳብ ሆነ። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። የቁልፉን እጀታ በቧንቧ አስረዝመን ከፍሬው ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ምልክት አደረግን። ቧንቧው አግድም ሲሆን ምልክቱ ላይ ቆምኩ። 35 ኪሎ በሜትር፣ ማለትም 343 ኒውተን ሜትር ገደማ፤ ከተባለው ብዙም አይርቅም። ከዚያ የክራንክ ሻፍቱን ክፍተት እንደገና ለካሁ፦ 0.10። ጋሼ ቡና አስፈሉ።

ሞተሩን መልሰን ስናስገባ ያገዘን ማን መሰላችሁ? የጅማ በርጩማ። የግቢዬ መሬት ወጣ ገባ ነው፣ ባለ አራት እግር ነገር ሁሉ ይወላገዳል። ሦስት እግር አይወላገድም። ሞተሩን ለማስተካከል ከሥር ያስገባነው እሱን ነው። እናቴ እስካሁን አልሰማችም።

በጥምቀት ማግስት አስነሳኋት። በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። የቫልቩን ክፍተት በቀዝቃዛው 0.15 አድርጌ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞልቼ ነበር። ሁለት ቀን ነድቼ ካንዴላዎቹን ሳወጣ ጥቀርሻ ሆነዋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ቤንዚን ሲሰጥ ይበዛል። ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳው ጠበብ ያለ ዤት ቀየርኩለት። አሁን ካንዴላው የተቆላ ቡና መልክ ይዟል፣ ያውም በስሱ የተቆላ።

የጅሬኑን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። ድሮ በሁለተኛ ነበር። ላይ ደርሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁና በጣቴ ያዝኩት። ያቃጥላል፣ ግን ይያዛል። የዘይት መብራቱ አልበራም።

የቀረ ሥራ አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ዘይቱን በ500 ኪሎሜትር እቀይራለሁ፤ አሁን 212 ላይ ነኝ። ጊቤ ከዚያ በኋላ። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ገና የ6 ቮልቱ ነው። 12 ሲገባበት እንደ እብድ ነው የሚወራጨው፤ ማብረጃ ሬዚስተር ላስገባለት ነው። ጋሼ ግን «ተወው» ይላሉ። «ይሄ ጅማ ነው፤ ሐምሌ ሲመጣ እሱም ያንስሃል።»