ጭላዳው እስኪመጣ ቁጭ ማለት፦ ካሜራ ይዞ አራት ቀን በስሜን ተራሮች

ስሜን ሄዶ የጭላዳ ፎቶ ሳይዝ የሚመለስ የለም። አብዛኛው ግን የጀርባ ፎቶ ነው፤ አጎንብሶ ሣር የሚነቅል ቡናማ ጉብታ፣ ፊቱ በጥላ የጠቆረ፣ ከኋላው የነጣ ሰማይ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ የሰዓቱና የተቆመበት ቦታ ነው።

አራታችንም ፎቶ የምናነሳው በትርፍ ጊዜያችን ነው። የሄድነው በጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ስለሚያወርደው በዚህ ወር ሩቅ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራው ሸለቆውን ይሞላውና ከሁለተኛው ሸንተረር ወዲያ ያለው ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ አጃቢ) ይዘን፣ በቅሎ ተከራይተን ሳንቃበር ሰፈር ስንገባ ውሎው አልቆ ነበር። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ ራስ ምታት የሚጀምረውም እዚሁ ነውና የመጀመሪያውን ቀን በእርጋታ ማሳለፍ ይሻላል። መብራት ስለሌለ ለእያንዳንዱ ካሜራ ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል። ብርዱ ባትሪ ይገድላል፤ ማታ ሦስቱንም በካልሲ ጠቅልሎ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዞ ማደር ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ «አልቋል» የሚለውን ባትሪ ቶሎ አትጣሉት፣ ብብት ሥር አሙቁት፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ጭላዳ የሚያድረው ነብርና ጅብ በማይደርሱበት፣ ገደሉ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ነው። በጥቅምት ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች፤ እሱ ግን ብርዱ እስኪሰበር አይቸኩልም። ብዙ ጊዜ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከገደሉ ብቅ ይላል። እንደወጣ ወደ ግጦሽ አይሄድም፤ ጫፉ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል፣ እናት ልጇን ታጠባለች፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይፈትሻል። ጥሩው ፎቶ ያለው በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ደፍቶ ሲነቅል ይውላል፣ ፊቱንም ለማየት መከራ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ሁለታችን መንጋውን ተከትለን ወዲያና ወዲህ ስንል ስካውታችን ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዩን ነበር።

«ምን ያሯሩጣችኋል ልጆቼ? ቁጭ በሉ፤ ራሱ ይመጣል።»

«እሺ ጋሼ፣ በየት በኩል እንቀመጥ?»

በዱላቸው ሣሩ ገና ያልተነካበትን ቦታ አሳዩን። ልክ ነበሩ። ጭላዳ ሲግጥ አይነሳም፤ በመቀመጫው እየተንሸራተተ፣ በሁለት እጁ እየነቀለ ወደፊት ይሄዳል። አቅጣጫውን አይቶ 20 ወይም 30 ሜትር ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ከኋላ የተከተለ ጀርባ ብቻ ያነሳል። ምግብ ማሳየት ግን በፍጹም አይገባም። አንድ ጊዜ ዳቦ የቀመሰ መንጋ ቦርሳ ይከፍታል።

የቡድናችን ምርጥ ፎቶ የተነሳው በሁለተኛው ጠዋት፣ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፦ አንድ ወንድ ጭላዳ በጎን ተቀምጦ፣ ጎፈሩ ዙሪያውን እንደ ወርቅ ክር በርቶ፣ ከኋላው ጥቁር ሰማያዊ ገደል። ስሜን ላይ ዋናው ገደል የሚወርደው ወደ ሰሜን ነው፤ በጥቅምት ደግሞ ፀሐይ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትወጣ የገደሉ ፊት በጥላ እንደተያዘ ይቆያል። ስለዚህ ከመንጋው በስተምዕራብ ተቀምጦ ካሜራውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማዞር ነው። ፀሐይዋ ከጭላዳው ኋላ በጎን ትመጣለች፣ ከበስተጀርባው ግን ጨለማ ገደል ይሆናል። ሁለቱ ካልተገናኙ የጎፈሩ ብርሃን አይታይም።

ሌንሱ 70-300 የሚባለው ተራ ሌንስ ነበር፣ 240 ሚሊ ሜትር ላይ፤ ኤፍ 5.6፣ 1/640 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 400። የተበላሸውን 30 ፎቶ ያበላሸው ኤክስፖዠሩ፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን መጠን ነው። ካሜራ ጥቁር ገደል ሲያይ ጨለማ መስሎት ያበራል፣ የጎፈሩ ጫፍም ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በካሜራው የ+/- ማስተካከያ ኤክስፖዠሩን በ0.7 ወይም በ1 መቀነስ አስተካከለው። ጭላዳው ተነስቶ ከኋላው ሰማይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ በ1 መጨመር ካልተቻለ ፊቱ ጥላሸት ይመስላል። ፎከሱን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ መተው ደግሞ ሣሩን ማንሳት ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ ወደ እኛ የቀረበው ዓይን ላይ ማሳረፍ ነው።

ከፍታውም አለ። ቆሞ ወደ ታች የተነሳ ጭላዳ ከኋላው ያለው ሣርና ድንጋይ ነው፣ ይዝረከረካል። በደረት ተኝቶ ወይም ካሜራውን ጉልበት ላይ አድርጎ ሲነሳ ግን ከኋላው ኪሎ ሜትሮች የራቀ ሸለቆ ይገባና ለስልሶ ይጠፋል።

ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ ሌላ ጣጣ አለው። ቀጥተኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላው ቀለም ደህና ሆኖ ቀዩ ብቻውን ይቃጠላል፤ ቤት ገብቶ ሲታይ ያለ መስመር ያለ ጥላ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ካሜራው የሦስቱን ቀለም ግራፍ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቀዩን መመልከት፣ ካልሆነም ደመና እስኪያልፍባት መጠበቅ ይሻላል። ላይኛ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን የሚያሳየው ፎቶ «የሚስቅ ጭላዳ» እየተባለ ይለጠፋል፤ ሳቅ አይደለም፣ በውጥረት ጊዜ የሚሰጥ ምልክት ነው። የሚቆየው ለአፍታ ስለሆነ ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ ካሜራውን ቀድሞ 1/1000 ላይ አድርጎ በተከታታይ መተኮስ እንጂ ዓይቶ መጫን አያደርስም።

በሦስተኛው ቀን ግጭ ገባን፣ 3,600 ሜትር። ከዚያ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ወጥተን ጀንበር ስትጠልቅ ጠበቅን። ሁሉም ሰው እዚያ የሚያወጣው ሰፊ ሌንስ ነው፤ በእኔ ግምት ስሕተት ነው። በሰፊ ሌንስ ግዙፉ ተራራ ጉንዳን ያክላል። ከ85 እስከ 135 ባለው ሌንስ ሸንተረሮቹ እርስ በርስ ተጠግተው፣ አንዱ ከሌላው እየፈዘዘ እንደ ተነባበረ ጋቢ ይታያሉ።

የማታውን ፎቶ ያነሳችው ከመካከላችን ትንሿ ናት፤ ከፊት ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል፣ ከላይ ፍኖተ ሐሊብ፣ ሰማዩን የሚያቋርጠው የከዋክብት ጎዳና። በጥቅምት የዚህ ጎዳና ደማቁ ክፍል ከመሸ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ብቻ፤ ጨረቃም መኖር የለባትም። 20 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ 20 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200። 500ን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል ኮከቡ ሳይጎተት የሚቻለውን ሰከንድ ይሰጣል፤ 500 ለ20 ሲካፈል 25 ነው፣ ትንሽ መቀነስ ደግሞ አይጎዳም። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ ውጤቱን እንደገና ለ1.5 ማካፈል ያስፈልጋል። ፎከሱ በእጅ ነው፦ ደማቁን ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ነጥቡ እስኪያንስ ማዞር፣ ከዚያም ቀለበቱን በፕላስተር ማሰር።

ጅብራው ያለ መብራት ጥቁር እንጨት ነው። የራስ ባትሪውን ከፊት ሲያበሩበት ደግሞ ጠፍጣፋ ሆነ። የሠራው ነጠላ ነው፤ መብራቱን በነጠላ ሁለት እጥፍ ሸፍና፣ በስተግራ አምስት እርምጃ ርቃ፣ ከ20ው ሰከንድ ውስጥ ለሁለት ሰከንድ ብቻ አበራችበት። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሌንሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጤዛ ለበሰ፤ መጥረግ ያባብሰዋል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ፕላስቲክ ሌንሱ ላይ ማሰር ግን ይይዘዋል። የጥቅምት ብርድ እዚያ ላይ ቀልድ አይደለም፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ያለው ሰው ስሜንን ሳያውቅ አይቀርም።

ጨነቅ (3,620 ሜትር) የዋልያ ሰፈር ነው። ቡናማ ዋልያ ቡናማ ድንጋይ ላይ ሲቆም ፎቶ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያቅታል። እኩለ ቀን ላይ ከሸለቆው ማዶ በባለ 400 ሌንስ የተነሱት ሁሉ ደብዝዘዋል፤ እጅ ተንቀጥቅጦ መስሎን ትራይፖድ ዘረጋን፣ ለውጥ የለም። ከጋለው ድንጋይ የሚነሳው አየር ነው የሚያንቀጠቅጠው፤ የረዘመ ሌንስ ደግሞ ያንኑ ያጎላዋል። መፍትሔው መቅረብ ወይም ብርዱ እስኪመለስ መቆየት ነው። 11 ሰዓት ላይ የሸንተረሩ ጥላ ከዋልያው ኋላ ያለውን ገደል ሸፈነው፣ እሱ ግን ገና ፀሐይ ላይ ነበር። ቀንዱ ከጥላው ተለይቶ የታየው ለሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከ60 ፎቶ አራት ጥርት ያሉ ወጡ፤ በአንዱ ብቻ አንገቱን ቀና አድርጓል።