«አባባ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም»

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ የቤተሰቡን ታሪክ ሲጽፍ ስለ አያቱ እንዲህ ቢል አይገርምም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሜኖናይት ወገን ናት፤ ሜኖናይቶች ደግሞ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰይፍ አናነሣም ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ግን ትምህርቱ ሌላ፣ የገጠመው ዘመን ሌላ። አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተመለመሉት ሜኖናይቶች ከመቶ 40 ያህሉ መደበኛ ወታደር ሆነዋል፤ ያውም ደን መትከልና የአእምሮ ሕሙማንን ማስታመም በምትክነት ተፈቅዶላቸው ሳለ። የእኛው የ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ሲጠራ እንዲህ ያለ በር አልተወም። ቀበሌ ኮታ ነበረበት፤ ካልሞላ አፈሳ ነበር።

ስለዚህ አያታችሁ ዘምተው እንደሆነ ስታጣሩ ከሁሉ በፊት ሁለት ዓመተ ምሕረት ጎን ለጎን ጻፉ፤ የተጠመቁበትንና የዘመቱበትን። ዘምቶ ተመልሶ ያመነ ሰውና አምኖ ሳለ የታፈሰ ሰው ታሪካቸው ለየቅል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው፦ የሚስዮን ደብዳቤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1982 ሲል የቀበሌ ወረቀት 1974 ይላል። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ቀንሱ። ደግሞም በጥር 1974 ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ስለወረሰ፣ እስከ 1983 አምልኮው በየቤቱ በድብቅ ነበር። የዚያን ጊዜ ጥምቀት መዝገብ ላይ ባታገኙት አልተጠመቁም አትበሉ፤ ያጠመቃቸውን ወይም አብሯቸው የተጠመቀውን ፈልጉ።

ፎቶም ያሳስታል። ካኪ የለበሰ ወጣት ሁሉ ወታደር አይደለም፤ በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩ ተማሪዎችም ካኪ ለብሰዋል። ጀርባውን ገልብጡ። «ታጠቅ» የሚል ካለ ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ያለው ጦር ሰፈር ነው፤ 1969 ከሆነ፣ ያኔ እዚያ የሠለጠነውን ሚሊሺያ ጠርጥሩ።

የጡረታ ደብተር አለመኖሩ አለመዝመታቸውን አያሳይም፤ በ30 ወር ግዳጅ ጡረታ የለም። ይልቅ የስንብት ወረቀት ወይም ደርግ ሲወድቅ በ1983 ለወታደሮቹ የተሰጠውን የተሃድሶ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ፈልጉ፤ ከመሬት ካርታና ከጋብቻ ወረቀት ጋር ተጣጥፎ ይቀመጣል። ስሙን እስከ አያት ድረስ አመሳክሩ። «ተስፋዬ በቀለ» ብቻ ከሆነ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሽማግሌ ስትጠይቁ «ወታደር ነበሩ?» አትበሉ፤ «አይ ልጄ» ተብሎ ወሬው ያልቃል። «ጋሼ፣ በስንተኛው ዙር ነው የሄዱት? የት ሠለጠኑ?» በሉ። መልስ ካገኛችሁ በኋላ ነው ዋናው የሚመጣው፦ «ምን ላይ ተመደቡ?» ወጥ ቤት፣ ሾፌር፣ ቁስለኛ አንሺ ከሆኑ ለብቻው መዝግቡት። አባባ ጠመንጃ አልነኩም የተባለው ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።