ሞራ ገላጭ በላቲን

መንዝ ወይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ለዓውደ ዓመት በግ ሲታረድ አይታችሁ ከሆነ ይቺን ታውቋታላችሁ። ሆዱ ሲከፈት ቢላዋው ይቆምና አንድ ሽማግሌ ሞራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን ያነሱታል። ደም ሥሩን በዓይናቸው ይከተሉታል፣ ነጠብጣብ ይፈልጋሉ። ሁሉም ዝም ይላል። «ዘንድሮ ዝናብ አለ» ካሉ እሰየው፤ ምንም ሳይሉ አጣጥፈው ካስቀመጡት ነው ጉዱ። ቄሶቹ በእርግጥ ጥንቆላ ነው ብለው ይቆጣሉ፤ ሰውም እሺ ይላል፣ መጠየቁን ግን አይተውም።

እንግሊዝኛም ለዚህ ሙያ ቃል አለው፦ ሃሩስፔክስ። ከላቲን እንዳለ የተወሰደ ነው። የፊተኛው ክፍሉ ሆድ ዕቃ፣ የኋለኛው ማየት ነው፤ ኢንስፔክተር የሚለውም ከዚሁ «ማየት» የመጣ ነው። ሮማውያን ሙያውን የተማሩት ከኤትሩስካውያን፣ ከእነሱ በፊት ጣሊያን ውስጥ ከነበሩ ሕዝቦች፣ ሲሆን እነሱ ከሞራው ይልቅ ጉበቱን ነበር የሚያዩት። በ1877 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ፒያቼንዛ ከተማ አጠገብ ከነሐስ የተሠራ የበግ ጉበት ተገኝቷል፤ ጠርዙ 16 ቦታ ተከፍሎ የአማልክት ስም ተጽፎበታል። ተማሪ የሚያጠናበት ይመስላል።

እዚያም ቢሆን ሁሉም አላመነበትም። ካቶ የሚባለው ሮማዊ፣ ሃሩስፔክስ ሌላ ሃሩስፔክስ ሲያይ ሳቁን እንዴት እንደሚይዝ ይገርመኛል ብሏል አሉ።

እኔን የሳበኝ ግን የቪትሩቪየስ ነገር ነው። ሰውየው ሮማዊ አርክቴክት ነው። የጥንት ሰዎች ከተማ ወይም የጦር ሰፈር ከመቆርቆራቸው በፊት እዚያው ሲግጥ የነበረ ከብት አርደው ጉበቱን ያዩ ነበር ይላል። ጠቁሮ ወይም ተበላሽቶ ካገኙት ሌላ ያርዳሉ፤ እሱም እንደዚያው ከሆነ ሣሩና ውኃው ደህና አይደለም ብለው ቦታውን ትተው ይሄዳሉ።

ይኼ እኮ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው! በእኛ ደጋ ረግረግ ሜዳ ላይ የዋለ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ትሉ የሚራባው እዚያው ውኃ ውስጥ ባለች ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ስለዚህ ጉበቱ በጉ የት ሲግጥ እንደከረመ በደንብ ይናገራል። ስለ መጪው ክረምት ግን፣ ሽማግሌዎቹ ይቅር ይበሉኝና፣ ሜቲዎሮሎጂን ብጠይቅ ይሻለኛል፤ እሱም ቢሆን ስንቴ ሸውዶናል።