ሲንጉላሪቲ የሌለበትን ዩኒቨርስ ጅማ ላይ በላፕቶፕ እንዴት አሰላሁት

ሲንጉላሪቲ፣ ማለትም እፍጋት ያለ ገደብ የሚያድግበት ነጥብ፣ የሌለበትን ዩኒቨርስ ለማስላት ሱፐርኮምፒውተር አያስፈልግም። ጅማ ላይ የሠራሁት ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ሳይፓይ የሚባለው የስሌት ጥቅሉ በተጫኑበት ተራ ላፕቶፕ ነው። ስሌቱ በሰከንዶች ስለሚያልቅ መብራት ቢሄድም ባትሪው ይበቃል፤ ኢንተርኔት ያስፈለገኝ ጥናቶቹን አርካይቭ ከሚባለው የጥናቶች ድረ ገጽ በፒዲኤፍ ለማውረድ ብቻ ነው። ከባዱ ክፍል ውጤቱን መፈተሽ ነው።

የመረጥኩት ቀመር ይህ ነው፦

ሐ² = እ × (1 − እ)

ሐ የሀብል መጠን፣ ማለትም ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ወይም የሚኮማተርበት ምጣኔ ነው፤ ኔጌቲቭ ሲሆን ዩኒቨርስ ይኮማተራል፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ይሰፋል። እ የቁሱ እፍጋት ነው። የስበቱ ቋሚ ቁጥርም ከፍተኛው እፍጋትም 1 እንዲሆኑ አሃዶቹን አስተካክያለሁ። በአንስታይን ስበት በቅንፍ ያለው የለም፤ ስለዚህ የሚኮማተር ዩኒቨርስ እፍጋቱ ያለ ገደብ ያድግና ሲንጉላሪቲ ላይ ይደርሳል። እዚህ ግን እ 1 ሲሞላ ሐ ዜሮ ይሆንና መኮማተሩ ወደ መስፋት ይገለበጣል፤ ይህን መንጠር እለዋለሁ። ወደዚህ ቀመር ሁለት መንገዶች ያደርሳሉ። አንዱ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ አሽቴካር፣ ፓውሎውስኪና ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2006 በሉፕ ኳንተም ኮስሞሎጂ፣ ማለትም ስበትን በኳንተም ሕግ በሚያይ የዩኒቨርስ ጥናት፣ የሄዱበት ነው። ሌላው ቻምሰዲንና ሙካኖቭ በ2017 የህዋ-ጊዜ ጉብጠት ጣሪያ እንዲኖረው የአንስታይንን ስበት ያሻሻሉበት ነው። በሉፕ ስሌት ጣሪያው የፕላንክ እፍጋት (ከተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች የሚገኝ የእፍጋት መለኪያ) 0.41 ገደማ ነው፤ በኪዩቢክ ሜትር ወደ 2 × 10⁹⁶ ኪሎግራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ቀመሩን አይቶ ስኩዌር ሩት አውጥቶ ሐን በቀጥታ ማስላት ያጓጓል። እንዳታደርጉት። እ = 1 ላይ «እዚያው ቆሞ መቅረት» ራሱ የዚያ ቀመር ትክክለኛ መልስ ስለሆነ ኮዱ ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ወይም በማጠጋጋት ስህተት እ ከ1 በጥቂቱ ያልፍና ከሩቱ ሥር ኔጌቲቭ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል የኮምፒውተር ምልክት) ነው። መፍትሔው የሐን ለውጥ ራሱን ማስላት ነው፦

የሐ ለውጥ በጊዜ = −3 × እ × (1 − 2እ)
የእ ለውጥ በጊዜ = −6 × ሐ × እ

እነዚህ ግፊቱ ከእፍጋቱ እኩል ለሆነ ቁስ፣ ማለትም ክብደት አልባ ለሆነ ስኬላር ፊልድ (በየቦታው አንድ ቁጥር ብቻ ላለው መስክ) ናቸው። ይህን የመረጥኩት በእጅ የሚገኝ መልስ ስላለው ነው፦ እ = 1/(1 + 9ጊ²)፣ ሐ = 3ጊ/(1 + 9ጊ²)፤ ጊ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጊ = −10 ላይ እ = 1/901፣ ሐ = −30/901 ብዬ ጀመርኩ። ጊ = 10 ላይ እ ወደ 1/901 ይመለሳል፣ ሐ +30/901 ይሆናል። መንገዱ ላይ የሐ ትልቁ ዋጋ 0.5 ነው፤ ያም እ ግማሽ ሲሆን፣ ጊ = 1/3 ላይ ነው።

የሳይፓይ ነባር ሬላቲቭ ቶለራንስ (የሚፈቀደው አንጻራዊ ስህተት) 10⁻³ ነው፤ ለዚህ ሥራ በጣም ልቅ ነው። እኔ 10⁻¹⁰ አድርጌ ዲኦፒ853 በሚባለው ዘዴ አስኬድኩት። ፍጥነቱ የሚጨምርበት የመንጠሪያ ክፍል ከጊ = −0.41 እስከ 0.41 ብቻ ስለሆነ ግራፉን በ0.2 ልዩነት ብታወጡት የጫፉ ቅርጽ በደንብ አይታያችሁም። 0.005 ይሁን።

የመጀመሪያው ቀመር ያኔ መፈተሻ ይሆናል። በየነጥቡ ሐ² − እ(1 − እ)ን አሰላለሁ። ይህ ልዩነት በሂሳቡ መሠረት ፈጽሞ አይለወጥም፤ ስለዚህ በሽታውን ይለያል። ልዩነቱ ዜሮ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ከሄደ የመነሻ ቁጥሮቹ ተሳስተዋል። እየተንሸራተተ ከሄደ ደግሞ ቶለራንሱ ልቅ ነው፣ አለዚያም ቀመሩ ሲጻፍ ተሳስቷል፤ ለምሳሌ (1 − 2እ) በሚለው ፈንታ (1 − እ) ተጽፎ ይሆናል።

ቀጥሎ ጉብጠቱ ይለካል። የክሬችማን መጠን 12 × [(የሐ ለውጥ + ሐ²)² + ሐ⁴] ነው። በአንስታይን ስበት ለዚህ ቁስ 60እ² ስለሚሆን ያለ ገደብ ያድጋል። በእኛ ስሌት መነሻው ላይ ከዚያ በግማሽ ፐርሰንት ገደማ ብቻ ያንሳል፣ መንጠሪያው ላይ ግን 108 ደርሶ ይቆማል። በመሃል ከ0.8 ገደማ ወደ 0.7 ገደማ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲነሳ ታያላችሁ። ስህተት አይደለም፤ እ = 0.4 አካባቢ መዘግየቱ ወደ መፍጠን የሚለወጥበት ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ቢያልፍም ንድፈ ሐሳቡ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ኤዲንግተንንና ቦርን-ኢንፌልድን መነሻ ያደረገውን ስበት ባኛዶስና ፌሬራ በ2010 ሲያቀርቡት የመጀመሪያውን ሲንጉላሪቲ ያስወግድ ነበር። በ2012 እነሱው ከኤስካሚላ-ሪቬራ ጋር ሆነው የስበት ሞገዶቹን ሲመረምሩ አለመረጋጋት አገኙበት። ለስላሳው ዳራ (በየቦታው አንድ ዓይነት የሆነው ዩኒቨርስ) ያላሳየውን ትንንሾቹ ሞገዶች አሳዩ። በሁለት መንገድ የሚገኘው ቀመራችንም ዳራው አንድ ቢሆንም የሞገዶቹ ቀመር የግድ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው መሠራት አለበት።

ሌላው ጥያቄ በየአቅጣጫው እኩል አለመኮማተር ነው። የዚህ መዛባት የጉልበት እፍጋት በርዝመት ስድስተኛ ኃይል ተገላቢጦሽ ያድጋል። የእኛ ስኬላር ፊልድም እንዲሁ ስለሚያድግ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ግፊት የሌለው ቁስ ግን የሚያድገው በሦስተኛው ኃይል ብቻ ነው፤ ይዘቱ 1000 እጥፍ ሲያንስ መዛባቱ ከቁሱ ጋር ሲነጻጸር 1000 እጥፍ ይገዝፋል። ስለዚህ ግፊት ለሌለው ቁስ የተሠራ መንጠር፣ ሦስቱ አቅጣጫዎች ለየብቻ በሚሄዱበት በቢያንኪ 1 ሞዴል እስካልተፈተነ ድረስ እንደ ውጤት አልቆጥረውም።