6 ኪሎ እስኪሞላ

የልጄ ሕመም የልብ መሆኑ ሲነገረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ደረቱ ይከፈታል ወይ?» ብዬ ነበር። አልተከፈተም፤ በብሽሽቱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልቡ አጠገብ ክፍት የቀረውን የደም መተላለፊያ ዘጉለት። እዚያ ለመድረስ ባሕር ዳር ቤታችን ውስጥ ያለፉት ወራት ግን ከሕክምናው ሰዓት ይልቅ ከባድ ነበሩ፤ ለሌሎች እናቶች መንገር የምፈልገውም በአብዛኛው ስለ እነርሱ ነው።

ምልክቱ የታየኝ ሲጠባ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ያደርግና ይለቀዋል፤ ያለከልካል፤ እንደገና ጡቱን ይፈልጋል። በጣና ዳር ቀትር ሁሉም ስለሚያልበው የልጁን ላብ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። እኔን ያሳሰበኝ ሌሊት፣ ቤቱ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓትም ግንባሩና ማጅራቱ መራሱ ነው። ልብሱን ስገልጠው በጎድኖቹ መካከል ያለው ሥጋ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለክትባት ስወስደው ይህንኑ ተናገርኩ። ነርሷ ደረቱን አዳመጠችና «እህቴ፣ ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ይየው» አለችኝ። ልቡ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ ሕመሙ ፒዲኤ ተባለ።

ሕፃን በማሕፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ ወደ ሳንባ የሚሄደውን የደም ቧንቧ ከአኦርታ፣ ደም ከልብ ወደ ሰውነት ከሚወስደው ትልቅ ቧንቧ፣ ጋር የሚያገናኝ አጭር መተላለፊያ አለው። ይህ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዘጋት ሲገባው የእኔ ልጅ ክፍት ሆኖ ቀረ። ደሙ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል፣ ልቡም ያንኑ ደም ደጋግሞ ይረጫል፤ የጠባው ሁሉ ለዚህ ልፋት ያልቃል። አማቴ «በእርግዝናሽ ጊዜ ደንግጠሽ ይሆን?» ሲሉኝ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

«6 ኪሎ ይሙላልን» አሉ ሐኪሙ። መተላለፊያውን ለመድፈን በቱቦ የሚገባው፣ በሰፊው የሚሠራበት መዝጊያ ከ6 ወርና ከ6 ኪሎ በላይ ለሆኑ ሕፃናት የተዘጋጀ ነው። ከ700 ግራም ጀምሮ የሚያገለግል ፒኮሎ የተባለ ትንሽ መዝጊያ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል፤ እኛ ግን ኪሎ መጠበቅ ነበረብን።

ስለዚህ ወተቴን እያለብኩ በስኒ እሰጠው ጀመር፤ መጥባት ሲያደክመው መዋጥ ይቀለዋል። ኋላ የሚወጣው ወተት ቅባቱ ስለሚበዛ እርሱን አስቀድሜ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ምግብ ሲጀምር አጥሚት ይሰጠው የሚሉ በዙ። ቀጭን ነገር ሆዱን ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆነውም፤ ገንፎውን ወፈር አድርጌ ቅቤ ጨመርኩበት። ጉንፋን የያዘውን እንግዳ «አትሳመው» ስል ቅር ያላቸው ነበሩ። ቅር ይበላቸው፤ የሳንባ ምች ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን ቀልድ አይደለም።

የታዘዘለት ፉሮሰማይድ ሳንባው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ በሽንት ያስወጣል። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ስለሆነ፣ በተመዘነ ቁጥር «ይስተካከል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእናት ሥራ ነው። አማቴም ጠበል ሲወስዱት መድኃኒቱን ከቦርሳቸው አይለዩም ነበር።

ሕክምናው የተደረገው አዲስ አበባ ነው። ለጡት ወተት የሚታዘዘው ጾም በተለምዶ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ለተራበ ሕፃን እናት ረጅም ነው። በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ቱቦው በራጅ እየታየ መተላለፊያው ድረስ ይገባል። ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተሸመነው መዝጊያ በቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ይሄድና እዚያ ሲደርስ ይዘረጋል። ሐኪሙ በደንብ መቀመጡን ሳያረጋግጥ ከተሸከመው ሽቦ አይለቀውም፤ ካልተስማማው መልሶ ይስበዋል። ይህን አስቀድሜ መጠየቄ በር ላይ ስጠብቅ አጽናንቶኛል።

ሲወጣ እግሩን ለሰዓታት ቀጥ አድርጎ መያዝ ግድ ነበር፤ ብሽሽቱ እንዳይደማ። ነርሶቹ እየተመላለሱ የእግሩን ትርታ ይዳስሳሉ፤ እኔም «አሳዩኝ» ብዬ ተማርኩ። መዳፌን በግራ ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ከሕክምናው በፊት ይሰማኝ የነበረው፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ ሲጠራ ያለ ዓይነት ንዝረት አልነበረም። የምስጋናዬን ልክ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

በተከታዮቹ 6 ወራት የጥርስ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ እንደሚወስድ ተነግሮናል፤ በዚህ ጊዜ የራሱ ሥጋ መዝጊያውን ይሸፍነዋል። የመዝጊያውን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ካርድ ፎቶ አንሥቼ በእኔም፣ በአባቱም፣ በአክስቱም ስልክ አስቀምጫለሁ። ነገ ኤምአርአይ (በብርቱ ማግኔት የሚነሣ ምርመራ) የሚያዝለት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።