በረኪና የበላው ሰንሰለት

በ2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት አከራይ ነበርኩ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ይመቻታል። የእኛ ገበያ የሰዓት ኪራይ ነው፤ ተማሪው፣ እንግዳው፣ ጣና ዳር መንሸራሸር ያማረው ሁሉ እየመጣ አንዱ ብስክሌት በቀን ስንት እጅ ይገባ ነበር።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲሰማ ግን ያ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አስፈሪ ሆነ። ወሩ ሳያልቅ ከተማዋ ላይ የእንቅስቃሴ ገደብ ተጣለና ዘጋን። ስንከፍትም የሰዓት ደንበኛ የለም። «ማን የያዘውን ነው የምይዘው?» ይሉኛል። ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳውቀው ስለነበር አልፈረድኩባቸውም። በረኪና በውኃ በጥብጬ ጠዋት ማታ ከመሪ እስከ ጎማ መርጨት ጀመርኩ። ሽታው ሰው ያሳምናል ብዬ አጥብቄ አምኜ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ መጣች። ታክሲ በግማሽ ሰው ብቻ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆኖባት ነበር። «ወንድሜ፣ ለሰዓት አይደለም፣ በወር ስጠኝ፤ ሌላ ሰው አይንካው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። በኋላ ሳነብ ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ላይም የተባለው የስኩተር ኩባንያ በዚያው መጋቢት ከብዙ ከተሞች ስኩተሮቹን ሲያነሳ፣ ኒውዮርክ ደግሞ ለሆስፒታል ሠራተኞች የጋራ ብስክሌቶቿን በነፃ ፈቅዳ ነበር። መዝናኛው ሲቀር መመላለሻው ግን ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ንጋት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ነርሷ ናት። የአባይ ድልድይ ላይ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወድቃለች። ጉልበቷ ተልጧል፤ ፈረቃ የምትረከባት ጓደኛዋ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ እየጠበቀቻት ነው።

ሰንሰለቱን እጄ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ዘይት የሚባል ነገር አልቀረበትም። ቀለበቶቹ በዝገት ተያይዘው እንደ ደረቀ ጅማት ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ አንዱ ፒን ዙሪያው ተበልቶ ቀጥኗል። በረኪና ብረት እንደሚበላ እናቴ ድስት ስታጥብ እንኳ የምትነግረኝ ነገር ነው። ለብስክሌቱ ንጽሕና ስጨነቅ የሚነዳውን ሰው ረሳሁት፤ ይህ እስካሁን ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ እጅ የሚነካውን ብቻ፣ የመሪውን መያዣ፣ ፍሬኑን፣ ደወሉንና ኮርቻውን፣ በሳሙና በራሰ ጨርቅ እጠርግ ነበር። ሰንሰለቱ በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል። ወር የሚከራይ ደንበኛ ብስክሌቱን በአሥራ አምስት ቀኑ እያመጣ ያስፈትሻል። ቫይረሱ ይበልጥ የሚተላለፈው በትንፋሽና በአየር መሆኑ እየተረጋገጠ ሲሄድ ደግሞ፣ ከተጨናነቀ ታክሲ ይልቅ ሜዳ ላይ ብስክሌት የመረጠችው ነርስ ከእኔ ቀድማ እንደገባት አየሁ።

ሌላ ብስክሌት ስሰጣት «ይቅርታ እህቴ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ዝቅ ብላ ጣቷን ሰንሰለቱ ላይ አሳለፈች፤ የጠቆረውን ዘይት አይታ፣ በሶፍት ጠርጋ፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።