የአጎቴ ካፒታል

ባለፈው ዓመት አጎቴ ብድር ሊጠይቁ አንድ ቢሮ ሄድን። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊው "አባባ፣ ካፒታልዎ ስንት ነው?" አላቸው። እሳቸውም ሳያቅማሙ "ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ" አሉ። ቢሮው በሳቅ አውካካ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ስንወጣ "ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ አስተምራለሁና ነገሩ ከነከነኝ። ቃሉን ቆፈርኩት። ላቲን ነው። "ካፑት" ራስ ማለት ነው። ከሱ "ካፒታሌ" ወጣ፤ ንብረት፣ ዋና ሀብት። (እኛ "ርዕሰ ከተማ" የምንለውን እንግሊዞች "ካፒታል" የሚሉት በዚሁ በራስ በኩል ነው።) የሰሜን ፈረንሳይ ሰዎች የነበሩት ኖርማኖች ደግሞ በራሳቸው ፈረንሳይኛ "ካቴል" አሉት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ቋንቋቸውም አብሮ ገባ። የዛሬው "ካትል"፣ ከብት፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ግን ማንኛውም ንብረት "ካትል" ይባል ነበር። በረት የገባው ኋላ ነው።

በፓሪስ በኩል ያለው ፈረንሳይኛ "ካ"ን "ቻ" አድርጎ "ቻቴል" አለ። እንግሊዝኛ እሱንም አልመለሰም፤ "ቻትል" ብሎ ለተንቀሳቃሽ ንብረት አዋለው። "ካፒታል"ን ደግሞ የላቲኑን መልክ እንደያዘ ወሰደ። የአንዲት እናት ሦስት ልጆች።

"ካ" ወደ "ቻ" መዞሩ ለኛ ብርቅ አይደለም። ግዕዝ "ክህለ" ያለውን እኛ "ቻለ" እንላለን። ትግርኛ "ከኣለ" ብሎ እንደ ኖርማኖቹ "ከ"ውን ይዞ ቀረ። ትርጉሙም ቢሆን እቤታችን ያለ ነው። በድሮው አማርኛ "ከብት" ንብረትም ነበር። "ጥሪት" ብለን የምንጠራውን ሀብት ትግርኛ ለከብትም ይለዋል።

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ አንዱን በሬ ልንሸጥ ወረድን። አቧራው፣ ግመሉ፣ የደላላው ጩኸት! ገዢው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ፤ ሻኛውን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፤ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እኔ ገመድ ይዤ ለአጎቴ የላቲኑን ነገር አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"እና ያ ልጅ በከንቱ ነው የሳቀው?"

"በከንቱ ነው፣ ጋሼ።"

"አብሽር" አሉኝ፣ የተሳቀብኝ እኔ ይመስል። ብሩን ሁለቴ ቆጥረው ጉያቸው ከተቱት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጊደሮቹ ተራ።